የትኛው ቁጥጥር ይነሳ? ለአንዲት ቦርሳ አምራች ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ካዛንቺስ የቆዳ ቦርሳ እሠራ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ወደ ፒያሳ ተዛወርኩ። አራት ሠራተኞች አሉኝ። ትእዛዝ እየበዛ ስለሆነ ሌላ አምስት ሰው መቅጠር አስቤያለሁ፤ ግን ፈራሁ። ወንድሜ መንግሥት እጁን ቢያነሳ የግሉ ዘርፍ ሥራ አጥን ሁሉ ይቀጥራል ይላል። አጎቴ ደግሞ ነጋዴ ልጓም ካልተደረገለት ሠራተኛውንም ገዢውንም ይበላል ይላሉ። እንደ ባለሙያ የቱ ነው ልክ? እኔስ ልቅጠር ወይስ ልቆይ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ወንድምዎ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ። ግን መንግሥት እጁን ከምን ላይ እንደሚያነሳ ካልነገሩን ምክራቸው አደገኛ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜ ግልጽ ነው። ሥራ የሚገድለው መቼ እንደሚያልቅ፣ ማን እንደሚወስነውና በምን እንደሚወስነው የማይታወቅ ፈቃድ ነው። ሠራተኛን የሚጠብቀው ሕግ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ነው። የታወቀ ዋጋ ተሰልቶ ይገባበታል። የማይታወቅ ነገር ግን አይሰላም፤ ሰው ዝም ብሎ ይቀራል። አራቱ ሠራተኞች አራት ሆነው የሚቀሩትም እንዲህ ነው።

በሂሳቡ ልጀምር። አንድ ሰፊ በወር 8,000 ብር ጥቅል ደመወዝ ቀጠሩ እንበል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል። የእርስዎ ድርሻ 880 ብር ነው። ስለዚህ ልጁ በወር 8,880 ብር ያስወጣዎታል። ከእሱ ደመወዝ ላይ ደግሞ 560 ብር ለጡረታ፣ 1,150 ብር ለሥራ ግብር ይቆረጣል። ግብሩን ያሰላሁት በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ነው፤ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። እጁ ላይ የሚደርሰው 6,290 ብር ይሆናል። እርስዎ በሚያወጡትና እሱ በሚያገኘው መካከል የ2,590 ብር ልዩነት አለ።

ቀላል ገንዘብ አይደለም። «ፔሮሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ፣ ቀሪውን በእጅ እንስጥ» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። እባክዎ ይሄን አያድርጉ። የልጁ ጡረታ ነገ የሚሰላው ወረቀት ላይ ባለው ደመወዝ ነው። እርስዎም በእጅ የሰጡትን ወጪ ብለው ማስያዝ ስለማይችሉ፣ ያላገኙት ትርፍ እንዳገኙ ተቆጥሮ ግብር ይጣልብዎታል። የሆነ ሆኖ ይህ ወጪ የታወቀ ነው። የአንድ ቦርሳ ዋጋ ላይ ስንት ብር እንደሚጨምር ዛሬ ማታ ቁጭ ብለው ማስላት ይችላሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉንም ሰው ከሚገባው በላይ ይፈራዋል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ደርሷል፤ ቀድሞ 45 ቀን ነበር። በጽሑፍ ይዋዋሉ እንጂ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጁ ለሥራው ካልሆነ ያለማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይችላሉ። ከሙከራ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው በሕጋዊ ምክንያት ሲሰናበት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ አለው፤ ከአንድ ዓመት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር ነው። ትእዛዙ ለጊዜው የተደራረበ ከሆነ ደግሞ ሕጉ የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቅድበት ሁኔታ አለ። ለግሉ ዘርፍ የወጣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም እስካሁን የለም። ስለዚህ የሠራተኛ ሕጉ ይላላና ሥራ ይፈጠር የሚለው ክርክር እኛ አገር ላይ ብዙም አይሠራም። እሱን ብናላላው የሚፈጠረው ሥራ ጥቂት ነው። የሚጎዳው ሰው ግን ብዙ ነው።

ታዲያ የት ጋ ነው የሚያንቀው? አምስት ሰው ሲጨምሩ አምስት ማሽን ይጨምራሉ። አምስት ማሽን አሁን ባለችው ክፍል አይገባም። ሰፋ ያለ ክፍል ይፈልጋሉ። ክፍሉን ባገኙ ቀን ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባሉ። የኪራይ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ መጽደቅ አለበት። አከራዩ «ውሉን በግማሽ እንጻፍ፣ ግማሹን በእጅ ስጪኝ» ይላል፤ የኪራይ ገቢ ግብሩን ፈርቶ ነው። እሺ ካሉ የኪራይ ወጪዎ ወረቀት ላይ ግማሽ ይሆናል። እምቢ ካሉ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። ከዚያ የንግድ ፈቃዱ ላይ አድራሻ ማስቀየር አለ። ክፍለ ከተማ ከቀየሩ የግብር ፋይል ማዛወር አለ። ለፋይሉ ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ክሊራንስ ያስፈልጋል። ከቦርሳው ጎን ጥገና ወይም የሌላ ሰው ምርት ሽያጭ ከጨመሩ ሌላ የፈቃድ መደብ ነው፤ አንዳንዱ መደብ ደግሞ ከሌላ መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል።

እነዚህ አንድ በአንድ ሲታዩ ክፉ አይደሉም። ግብር ከፋይ አድራሻው መታወቅ አለበት። ችግሩ ሰንሰለቱ ነው። አንዱ መስኮት የሌላውን ወረቀት ሳያይ አያስተናግድም። «ሲስተም የለም» ከተባለ ቀኑ አለቀ። «ባለሙያው ሥልጠና ላይ ናቸው» ከተባለ ሳምንቱ አለቀ። እርስዎ ወረፋ ላይ ሲቆሙ ደግሞ ወርክሾፑ ውስጥ ቆዳ የሚቆርጥ የለም። አራት ሠራተኛ ባለው ድርጅት ውስጥ ባለቤቷ ራሷ አምስተኛዋ ሠራተኛ ነች። ትልቁ ድርጅት ይሄን የሚሠራለት ጉዳይ አስፈጻሚ ቀጥሮ ይገላገላል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ደንብ ትንሹን ከትልቁ በብዙ እጥፍ ይጎዳል። ብዙ ፖሊሲ አውጪዎች ይሄንን አያዩትም። ለዚህም ነው በየጊዜው ደጋግሜ የምጽፈው።

ከዚህ የባሰው የግብር ግምት ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የግብር ሰዎች የአነስተኛ ነጋዴውን የቀን ሽያጭ በግምት ተምነው ግብር የጣሉበትን የቀን ገቢ ግምት ያስታውሱ ይሆናል። ነጋዴውን ያስቆጣው ግብር መክፈሉ ብቻ አልነበረም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሱቆች በምን ተለይተው ግምታቸው ያን ያህል እንደተራራቀ የሚነግረው ማጣቱ ነበር። እንዲህ ባለበት ቦታ ሰው ትልቅ መምሰል ይፈራል። ሁለት ሠራተኛ በር ላይ ማቆም ገቢ አለው ያስብላል። ታዲያ ማን ይቀጥራል?

ወንድምዎ ልክ የሚሆኑበት ቦታ ገበያ የመግባት ክልከላ ላይ ነው። እዚህ ላይ ታሪካችን ራሱ ይመሰክራል። በደርግ ዘመን የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተደርጎበት ነበር። ባንክ የመንግሥት ብቻ ነበር። ሥርዓቱ ራሱ የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ አውጆ መንገዱ እንደማያዋጣ አመነ። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባንክን ለአገር ውስጥ ባለሀብት ከፈተ። አዋሽ ባንክ በ486 ባለአክሲዮኖች ተቋቋመ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ ከሰንጋ ተራ እስከ ስታዲየም የተደረደሩትን የባንክ ሕንፃዎች ይዩዋቸው። እዚያ ውስጥ ያለው ገንዘብ ተቀባይ፣ የአይቲ ባለሙያ፣ የጥበቃና የፅዳት ሠራተኛ፣ ምድር ቤት ያለው ካፌ ሁሉ «ለግል ክልክል ነው» የሚለው ከሕጉ ላይ ሲነሳ የመጣ ሥራ ነው።

ግን ልብ ይበሉ። ባንክ ሲከፈት የብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር አልቀነሰም። እንዲያውም የሚቆጣጠረው ነገር በዛለት። ቴሌኮሙም እንደዚያው ነው። ሳፋሪኮም ፈቃዱን ያገኘው በ2013 ዓ.ም. ነው። ዘርፉን የሚቆጣጠረውን የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚያቋቁመው አዋጅ ግን የወጣው ቀደም ብሎ በ2011 ዓ.ም. ነው። በሩ ከመከፈቱ በፊት ዳኛው ተሰየመ ማለት ነው። ያ ባይሆን ኖሮ አዲስ የሚገባው ድርጅት ከነባሩ ጋር እንዴት ኔትወርክ እንደሚያገናኝ የሚዳኝ አይኖርም ነበር፤ በሩ ተከፍቶም ማንም ባልገባ። መንግሥት ከበሩ ላይ እጁን አንስቶ ሜዳው ላይ ዓይኑን ሲያተኩር ነው ሥራ የሚመጣው። ወንድምዎ ይቺን ግማሽ ቢጨምሩባት ከእሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ምዝገባን ማቅለልስ? መንግሥት ባለፉት ዓመታት ብዙ የደከመው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ባንክ የንግድ ሥራ ምቹነት ሪፖርት፣ በ2020ው እትም፣ ከ190 አገራት 159ኛ ነበረች። ሪፖርቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ተቋርጧል። የንግድ ፈቃድ በኦንላይን መውጣትና መታደስ ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቀደ። እርስዎ ቢያስቡበት የምመክረው ነገር ነው፤ ዕዳ ቢመጣ የመኖሪያ ቤትዎን ከሥራው ይለይልዎታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፈተ። እነዚህን አደንቃለሁ፤ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ያውቃቸዋል።

ሆኖም ምዝገባ ብቻውን ብዙ ሥራ እንደማይወልድ የሌሎች አገሮች ልምድ ያሳያል። ሜክሲኮ የምዝገባ ሂደቷን በየማዘጋጃ ቤቱ ስታቀል የተመዘገቡ ድርጅቶች ቁጥር 5 በመቶ ገደማ ጨመረ። ቅጥርም ጨመረ፤ ጭማሪው ግን 2 በመቶ ገደማ ነበር። ማላዊ ውስጥ ተመራማሪዎች ትንንሽ ድርጅቶችን በነፃ አስመዘገቡ። ምዝገባው ብቻውን ሽያጭንም ትርፍንም አላነቃነቀም። ከምዝገባው ጋር ባንክ መጥቶ የንግድ ሒሳብ ሲከፍትላቸው ግን ሽያጩም ትርፉም ከፍ አለ። ወረቀቱ የሚጠቅመው ከጀርባው የሚከፍተው ነገር ሲኖር ነው።

እናም ብድር ላይ እንደርሳለን። እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ፤ ስለ ቁጥጥር ሲወራ ሁሉም ቀበሌና ወረዳውን ብቻ ነው የሚያየው። ከ2003 ዓ.ም. እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ አዲስ ብድር የ27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ገንዘቡ በአብዛኛው ለመንግሥት የልማት ፕሮጀክቶች ይውል ነበር። ለቦርሳ አምራች ሊደርስ የሚችል ገንዘብ በሌላ ቱቦ ሄደ ማለት ነው። ያ ቀረ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የባንኮች ብድር ዓመታዊ ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ ወጣ። በኋላ ወደ 18፣ ቆይቶም ወደ 24 በመቶ ከፍ ተደርጓል። ዓላማው የዋጋ ንረትን ማስታገስ ነው፤ ሠራተኛዎ በሚገዛው ዘይትና ጤፍ በኩል እርስዎንም ይመለከታል። ስለዚህ ጣሪያው በአንድ ሌሊት ይነሳ አልልም። ግን ባንክ የሚያበድረው ሲመጠን የሚያስቀድመው ሕንፃ የሚያስይዘውን ደንበኛ ነው። አምስት የስፌት ማሽን ይዞ የሚሄድ ሰው ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ለሥራ ፈጠራ ከታሰበ፣ ለአነስተኛ አምራች የሚሰጥ ብድር ከጣሪያው ውጭ ቢሆን አንድ መቶ ዓውደ ጥናት ከማዘጋጀት ይበልጣል።

አሁን ወደ አጎትዎ። ስጋታቸው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 ዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ የሚባል የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ ተደረመሰ። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ግድግዳው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር። የላይኞቹ ፎቆች ያለፈቃድ የተጨመሩ ነበሩ። በታችኞቹ ፎቆች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን ግቡ ተባሉ። ባንግላዴሽ የልብስ ስፌት ሥራ በገፍ ፈጥራለች፤ ያን ሥራ እኔም ለኢትዮጵያ እመኛለሁ። ግን ሥራ ስለፈጠረ የደኅንነት ቁጥጥር ይታለፍ ማለት እንዲህ ያለ ቀን መጋበዝ ነው። ፒያሳና መርካቶ ውስጥ ፎቅ ላይ ተጨናንቀው የሚሰፉ ልጆች አሉ። ደረጃው አንድ ነው፤ ማስቲሹና ቆዳው እሳት ይወዳል። እርስዎም ክፍል ሲመርጡ ሁለት መውጫ ያለውን ይምረጡ። ለዚህ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ይብዛ እንጂ አይቀንስ።

አጎትዎ የማይታያቸው ጅምላ ክልከላም ልጓም መስሎ የሰው እንጀራ እንደሚቆርጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ሲታገድ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያ ነበር። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ቦርሳቸው የተነጠቀ ብዙ ናቸው። ግን ነጣቂውን በመለየት ፋንታ ሞተር የያዘ ሁሉ ተጠረጠረ። በኋላ ፈቃድና ጂፒኤስ ላላቸው መንገድ ተከፈተ። ያ መጀመሪያውኑ ቢደረግ ኖሮ ዕቃ በማድረስ የሚኖረው ልጅ ሥራ አይፈታም ነበር።

መንግሥት የትኛውን ያንሳ ብለው ከጠየቁኝ ሦስት ነገር እላለሁ። አደጋ የሌለው ሥራ፣ እንደ እርስዎ ያለው ቦርሳ ስፌት ማለቴ ነው፣ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቁ ቀርቶ አሳውቆ ይጀምር፤ ቁጥጥሩ በኋላ ይምጣ። አድራሻ መቀየርና ፋይል ማዛወር የመሥሪያ ቤቶች የእርስ በርስ ሥራ ይሁን፤ ባለጉዳይ ወረቀት ተሸካሚ መሆኑ ይቅር። እንዲሁም እያንዳንዱ ጥያቄ የመልስ ቀን ይኑረው። ቀኑ ካለፈ እንደተፈቀደ ይቆጠር። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ገንዘብ አይፈልግም፣ አዲስ ሕንፃም አይፈልግም።

እስከዚያው በእጅዎ ያለ መሣሪያ አለ፤ ብዙ ነጋዴ አያውቀውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርን መሥሪያ ቤቶችም ይመለከታል። አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ይፋ አድርጎ አስተያየት መቀበል አለበት። መመሪያው በፍትሕ ሚኒስቴር ካልተመዘገበ ተፈጻሚ አይሆንም። የተሰጠ ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ መሆን አለበት። ቅር የተሰኘ ሰው መጀመሪያ በተቋሙ ውስጥ ቅሬታ ያቀርባል፤ ካልሆነ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ይችላል። ስለዚህ መስኮት ላይ «መመሪያው አይፈቅድም» ሲባሉ አይጨቃጨቁ። በትሕትና «የመመሪያውን ቁጥር ይንገሩኝ፣ መልሱንም በደብዳቤ ይስጡኝ» ይበሉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ይፈታል፤ የተከለከለው ነገር በየትም መመሪያ ላይ ያልተጻፈ ሆኖ ይገኛልና።

ልቅጠር ወይ ላሉት፣ አዎ ይቅጠሩ። ግን አምስቱን በአንዴ አይደለም። አሁን ያለችው ክፍል ሁለት ማሽን የምትይዝ ከሆነ ሁለት ሰው በ60 የሥራ ቀን ሙከራ፣ በጽሑፍ ውል፣ በሙሉ ደመወዛቸው ተመዝግበው ይጀምሩ። ጡረታቸውን ከመጀመሪያው ወር ይክፈሉ። ለሌሎቹ ሦስት ክፍል ሲፈልጉ አከራዩን ከዋጋው በፊት ስለ ውሉ ይጠይቁት። በሙሉ ዋጋው የማይዋዋል ከሆነ ትተው ይለፉ፤ ኪራዩ ረከስ ቢል እንኳ በግብሩ በኩል ይመለስብዎታል። ቢቻልዎ እዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ይፈልጉ፤ የፋይል ዝውውሩን ይገላገላሉ። የፈቃድ እድሳቱንም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አያቆዩት፤ ቀደም ብለው ይጨርሱት።